ክር የሌለው ስፌት

አክስቴ ከሞተች ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሻይ እጥድና ሳይፈላ ጥዬው እወጣለሁ። ጸጉር ቤቴ ውስጥ የደንበኛ ጸጉር በግማሽ ጠቅልዬ በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። አክስቴም ጎረቤቴም እሷው ነበረች፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። በዚያ ግድግዳ በኩል የስፌት መኪናዋን እየሰማሁ፣ "ይህች ሴት ዛሬም ልታሳርፈን አይደለም!" እያልኩ ስነጫነጭ ኖሬአለሁ። አሁን ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው ከቤት ያስወጣኛል።

ያገኘችውን ሁሉ ትሰፋ ነበር፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የሙሽራ ሱሪ። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በእንስሶቿ ነው። እግሩ የተሰበረ፣ ዐይኑ የጠፋ፣ ባለቤቱ የጣለው ሁሉ አድራሻ ጠይቆ የሚመጣ ይመስል እሷ ደጅ ይገኛል። አንዴ አንድ ሙሽራ ሱሪውን ሊወስድ ቢመጣ ድመቷ ላዩ ላይ ተኝታበታለች።

"ትንሽ ዞር ዞር ብለህ ና፣ ገና አሁን ነው ዐይኗን የከደነችው" አለችው።

"እትዬ፣ ነገ ሰርጌ ነው እኮ!"

"ታዲያ ነገ አይደል? እሷ እስከ ነገ አትተኛም።"

ሙሽራው እየሳቀ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ሱሪውን ሲረከብ እያራገፈ፣ "ከነድመቷ ነው እንዴ የሰፋሽው?" ሲላት ሰምቻለሁ።

ባሏ ጋሼ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ "ከእነሱና ከእኔ ምረጪ!" እንዳለ አረጀ። እሷም መልስ አታጣም፤ "አንተም ስትመጣ እያነከስክ ነበር" ትለዋለች። እውነቷን ነው። የተዋወቁት እግሩ ተሰብሮ ሱሪ ሊያሳጥር ሄዶ ነው።

የመጨረሻው ውሻዋ ዳኛው ይባላል። ስሙን ያወጣለት ጋሼ ነው። ቁጭ ብሎ ሰውን ከላይ እስከ ታች ስለሚያይ፣ "ይሄ ውሻ አንድ ቀን ይፈርድብኛል" ብሎ። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ክፉኛ ሲደበደብ እንደኖረ ግን ጀርባው ይናገራል።

አክስቴ ከተቀበረች ወዲህ ዳኛው እህል አልቀመሰም። ድመቶቹን ጎረቤት ተከፋፍሎ ወሰዳቸው፤ በአዲሱ ቤታቸው ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ለእሱ ሥጋ ብናቀርብ፣ ወተት ብናቀርብ፣ ዳቦ በመረቅ ብናርስለት፣ አሽትቶ፣ ቀና ብሎ አይቶን፣ ትቶት ይሄዳል። እኔ ከሥራ እየሮጥኩ፣ እናቴ ከወዲያ እየመጣች፣ ከበነው "ብላ እንጂ የኔ ጌታ" እንለዋለን። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ሆዱን ዳሰሰ፣ ጥርሱንም አየ።

"በሽታ የለበትም። ካልበላ ግን ብዙ አይቆይም" አለን።

ይባስ ብሎ ጋሼም ምግብ ተወ። ሳህኑን ሳስጠጋለት "መጀመሪያ እሱ ይብላ" ይላል።

"ጋሼ፣ ከውሻ ጋር እልህ ትጋባለህ እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት።

"'አደራ፣ እንዳይርበው' ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣትም።"

ውሻው ቢሞት ጋሼም ብዙ እንደማይሰነብት ታየኝ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሥጋ ቀቅዬ ሄድኩ። እንደ ልማዴ ከመስኮት እስከ በር እየተንጎራደድኩ ጋሼን፣ "ለመሆኑ እንዴት ነበር የምታበላው?" አልኩት።

"እኔ በምን አውቄ? እሱ በሚበላበት ሰዓት በረንዳ ላይ ነኝ። እዚያው ሥራዋ ላይ ሆና ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አልነገርኳችሁም እንጂ መጨረሻ ላይ ጃጅታ ነበር። ማታ ማታ ክር ሳታስገባ ትሰፋለች። ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ ዝም ብሎ መርገጥ ብቻ። አንዴ 'ክሩስ?' ብላት፣ 'ዝም በል፣ አንገትህንም አዙር' አለችኝ። አዘንኩላትና ተውኳት።"

መንጎራደዴን አቆምኩ። ያ የአመሻሽ ድምፅ! "በዚህ ሰዓት ደግሞ ማን ሱሪ አዘዛት?" እያልኩ ግድግዳውን ስደበድብበት የኖርኩት።

"የስፌት መኪናው የት ነው?"

"ጓዳ። ለለቀስተኛ መቀመጫ ጠበበ ብላችሁ እናንተው አይደላችሁ ያስገባችሁት?"

እኛው ነን። እየጎተትን አውጥተን መስኮቱ ሥር ወደ ቦታው መለስነው። ወለሉ ላይ፣ ከመርገጫው አጠገብ፣ ክብ የሳህን ምልክት ነበር። ሥጋውን እዚያ አስቀመጥኩት።

"ቁጭ በልና እርገጥ።"

"እኔ ስፌት የት አውቃለሁ?"

"ዕድሜህን ሙሉ ፔዳል ስትረግጥ አይደል የኖርከው? እርገጥ!"

መጀመሪያ መዘውሩ ወደኋላ ዞረበት፣ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ መስመር ያዘ። በሩ ላይ ተኝቶ የነበረው ዳኛው ጆሮውን አቆመ።

"አትየው። ጨርቅ እንደያዘ ሰው አጎንብስ።"

ለካ ነገሩ ይሄ ነበር። መኪናው እስከጮኸ ድረስ እጇም እግሯም ሥራ ላይ ናቸው፤ ዱላ የሚያነሳ እጅ የለም። እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን ይዘን፣ ዐይናችንን ተክለን ከበብነው። በፍቅር ልንገድለው ነበር።

ዳኛው እየተጎተተ መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። መብላት ጀመረ። ጋሼ ድምፁን ሲሰማ እንባው መጣ። ዐይኑን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ እግሩም ቆመ፤ ከሥር ማኘኩም ቆመ።

"ጋሼ፣ እርገጥ!"

እጁን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ረገጠ። እንባው ሳይጠረግ በአገጩ ይወርድ ጀመር።

"ጃጅታለች ብዬ እኮ ነው" አለ። "እጇን እንዳትወጋ ብዬ መርፌ እንኳ ደብቄባታለሁ።" ቀና ሳይል፣ "አንቺ ሂጂ። ሰው እያየው አይበላም" አለኝ።

የእሱንም ሳህን አጠገቡ ትቼለት ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሻይ ጣድኩና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ተቀመጥኩ። መኪናው ይሠራል። አንዴ ቆመ። ልነሳ ስል ቀጠለ።