ቢጫው ሰባት

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በዲትሮይት፣ ዉድዋርድ ጎዳና ዳር የድሮ መኪና ያለው ሁሉ ለትርኢት የሞተሩን ኮፈን ከፍቶ ይቆማል። ዘንድሮ ለማየት የመጡ አንዲት ሴትዮ ግን ቀለሙንም ጎማውንም አያዩም። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም። ሰፊ የወንድ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ከሞተሩ ኋላ ያለውን ላሜራ ብቻ አጎንብሰው ያዩና ወደሚቀጥለው መኪና ያልፋሉ።

የጎረቤቴ የክላይተን መኪና ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሦስት ዓመት ለፍቶ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጎ ያደሳት ናት፤ ያኔ መኪኖቹ በፋብሪካው መስመር በተራ ሲያልፉ ተቆጣጣሪው መፈተሹን ለማመልከት ላሜራው ላይ በቢጫ ጠመኔ የጻፈውን ሰባት ቁጥር እንኳ ከፎቶ ቀድቶ መልሶ ጽፎታል።

«ይሄ ሰባት ውሸት ነው» አሉ።

«እማማ፣ በማጉያ መነጽር እያየሁ እኮ ነው የጻፍኩት።»

«በቀኝህ ነዋ የጻፍከው። ያኔ የጻፈችው ልጅ ግራኝ ነበረች።»

እኛም ግር ብለን ከበብናቸው። ክላይተን ያን የለፋበትን ቁጥር በእጅጌው ጠረገና ጠመኔውን አቀበላቸው።

መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። ግራ እጃቸው አንዴ ሽው ሲል ሰባቷ ተጻፈች፤ ጠመኔው ከላሜራው ሳይነሳ ዓይናቸው ወደሚቀጥለው መኪና ዞሯል።