የሻለቃው ፎቶዎችና አንድ ሳፋ ውሃ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤቴ የወሰዱኝ ጠዋት ነው። ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ አንደኛው ዕቃውን በረበረ፣ ሌላው የሻለቃውን ፎቶዎች በፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ። ሻለቃው የአየር ኃይል ጡረተኛ ነበሩ። ሲሞቱ ባለቤታቸው፣ «ጣሪያው አፍስሶበት ተጣብቋል፤ አንተ ታውቅበታለህ» ብለው ፎቶዎቹን ሰጡኝ። የጦር አውሮፕላን፣ ሄሊኮፕተር፣ ክንፍ ስር የቆሙ ወጣቶች። ሻለቃው በየፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስም በብዕር ጽፈዋል።

ያስገቡኝ የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ላብና ሽንት ይሸታል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ከቆርቆሮው ላይ ይወርድብናል። የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን የሚገባልን በቀን አንዴ ሲሆን፣ የሚያካፍሉን አብረውን የታሰሩ፣ ከኦቾሎ የመጡ አንድ ሸማኔ ሽማግሌ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ወደ ግቢው አስጠራኝ። ያን ሰሞን የድሮ ወታደሮች በድብቅ ይሰበሰባሉ ይባል ነበር፤ እሱ ደግሞ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። አውሮፕላኖቹን ዞር ብሎም አላያቸው።

«ከጀርባቸው ስም አለ አይደል?» አለና የተጣበቁትን ሊፈለቅቅ ቢላ አነሳ።

ፈራሁ። ከነዚያ ሰዎች መካከል ገና በሕይወት ያሉ አሉ፤ አንዳንዶቹ እዚሁ ጋሞ ውስጥ።

«በቢላ ከነኩት ፊቱም ስሙም ይላጣል» አልኩት።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ውሃ ውስጥ ሲቆይ ራሱ ይላቀቃል።»

እውነቴን ነው፤ የተጣበቀ ፎቶ መፍትሔው ውሃ ነው። ያልነገርኩት፣ ያ የብዕር ቀለም ውሃ እንደማይችል ነው። ሻለቃው ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ስም በገዛ እጄ ላጠፋው ነው።

ቧንቧው ደርቆ ነበር። ክፍላችን ገብቼ ሽማግሌውን የተረፈውን ውሃ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

«ውሰድ ልጄ፣ ጥም ዛሬ አልጀመረንም» አሉ።

ፎቶዎቹን ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። መርማሪው ከአናቴ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሲላቀቅ የወጣቶቹ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ። ጀርባው ላይ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ቀርቷል።

«ስሙ የታለ?»

«ቀለሙ ለቀቀ።»

ሌሎቹን ራሱ እየነጠለ አገላበጠ። ሁሉም ያው ነው።

«ታውቅ ነበር!»

ሳፋውን በእርግጫ ገለበጠውና፣ «ቆሻሻህን ሰብስብ!» ብሎኝ ሄደ።

እርጥቦቹን ፎቶዎች ታቅፌ ክፍሉ ስገባ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ዘረጉ።

«መሬት ላይ አታድርግ፤ ሰው እኮ ነው» አሉኝ።

እስኪደርቁ ድረስ ሁላችንም ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። እስከ ማግስቱ የሚጠጣ አልነበረም። ማንም አላማረረኝም፤ ያንን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ስፈታ ፎቶዎቹን ይዤ ወጣሁ። አሁን የሻለቃው ባለቤት የሚያስታውሱትን ስም እየነገሩኝ በእርሳስ እጽፋለሁ። የብዙዎቹ ጀርባ ባዶ ነው፤ ይቆጨኛል።

በቀደም ከካምባ አንድ አዛውንት መጡ። ክንፍ ስር የቆመውን ቀጭን ወጣት በጣታቸው ነኩት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ፎቶዎቹ ተያዙ ሲባል ልብሴን ቋጥሬ በር በሩን ሳይ ከረምኩ። ማንም አልመጣም።»

ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። እርሳሱን ሰጠኋቸውና ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ።