ሰሌኑን የተሸከመው ባል

የምሥራች ብያለሁ፤ ምሥር ብዪ በሉኝ። ዛሬ፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቁ ተዘግቷል። ተሰብሮም ታሽጎም አይደለም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ቆልፎት፣ ሰሌን በትከሻው ጭኖ፣ በሚዛን ተፈሪ ዋና መንገድ መሐል ለመሐል ሲወርድ አገር አይቶታል። የማን ሱቅ ነው ካላችሁ፣ የናስረዲን ነው። የምሥራቹ ግን የሚስቱ የሳሊሀ ነው።

ሳሊሀ ከጅማ ወገን ተድራ የመጣች ሴት ናት። ባሏ መናኸሪያው አጠገብ ጨው፣ ሳሙናና ባትሪ ይሸጣል፤ እሷ ቤት ሆና ልጆች ታሳድጋለች። ሦስት ነበሩ። ባለፈው ክረምት የመጨረሻዋን፣ ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረችውን አፍናንን ወባ ወሰዳት። ቱርከያና ታናሽ ወንድሟ ሻሚል ቀሩ።

ከለቅሶው በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ናስረዲን ሲመሽ ይገባል፣ ይበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሻሚል ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ስር መግባት ጀመረ፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊያለቅስ የሚመጣ እየመሰለው። ሳሊሀን ያስደነገጣት ይሄ ነው። አንዷ ሄዳለች፤ ይሄኛው ደግሞ በቁሙ እየሄደባት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጎደሬ ቀቅላ በፌስታል ቋጠረች፣ ሰሌኑን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች።

«ተነሱ፣ እንሄዳለን» አለቻቸው።

«የት?» አለች ቱርከያ።

እሷም አታውቀውም ነበር። ሚዛን ለሕፃን ተብሎ የተሠራ መጫወቻ የላትም፤ ሳሊሀ የልጆቿን መዋያ በእግሯ እየዞረች ነው ያገኘችው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ጥበቃው ላሞቹን ከሜዳው ሲያባርር፣ አንዷ ላም እምቢ ስትል፣ ቆሞ ማየት ይቻላል። ቡና በሚታጠብበት በኩል ቀዩ እሸት በቦዩ ውሃ ሲንሳፈፍ ሻሚል «ይዋኛል» ብሎ ከስንት ጊዜ በኋላ ጮኸ። ከሁሉ የበለጠው ግን ከወንዙ ማዶ ያለው ሾላ ነው። እዚያ ላይ ጉሬዛዎች አሉ። ልጆቹ ሰሌኑ ላይ ተንጋለው ነጫጭ ጭራዎቹን ሲከታተሉ ይውሉና፣ ሻሚል እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እየቆየም አልጋ ስር መግባቱን ተወው።

ታዲያ እኛ አገር ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለገበያ፣ ለእርሻ ወይም ለለቅሶ ነው። ስንቅ ቋጥራ፣ ልጆች አስከትላ፣ ሰሌን ታቅፋ የምትወጣ ሴት አኩርፋለች ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ያለችው ጎረቤታችን ማናልሞሽ ናት።

«ዛሬም መኝታዋን ይዛ ወጣች» አለችኝ።

«ማታ ማታ ትመለስ የለም እንዴ?»

«የምትጠጋበት ዘመድ የላት፣ ምን ታድርግ ብለሽ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው ሽማግሌ አስነሳ። አርብ ከሶላት በኋላ፣ ናስረዲን ለምሳ ቤት ሳለ፣ ሁለት ሰዎች ገቡ፤ አንዱ የጅማዎቹ አዛውንት አባቢያ፣ ሌላው ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ በላይነህ።

«ናስረዲን፣ ምን አድርገሃት ነው?» አሉ አባቢያ ገና ሳይቀመጡ።

«ማንን?»

«ሚስትህን ነዋ። በሰው ሚስት ጉዳይ አንተ ዘንድ እንመጣለን?»

ናስረዲን ግራ ገብቶት ወደ ሳሊሀ ዞረ።

«ልጆቹን ላዝናና ነው የምወጣው» አለች። «ጉሬዛ እናያለን።»

ጋሽ በላይነህ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩ። «እዚህ አገር አርጅቻለሁ ልጄ፤ ጉሬዛ ለማየት ሰሌን የተሸከመ ሰው ግን አላየሁም።»

«ሻሚል ይተኛበታል።»

አባቢያ ከዘራቸውን ፈለጉ። «በሉ ጠብ የለም። ማናልሞሽ ናት በከንቱ ያንከራተተችን። እንነሳ።»

ሳሊሀ አየቻቸው። እነዚህ ሰዎች ከወጡ፣ የዚህን ቤት ዝምታ የሚጠይቅ ሰው ዳግመኛ አይመጣም።

«ቆዩ አባቢያ» አለች። «ጠብስ አለ።»

ባሏን ሳታይ ነው የተናገረችው። «ከክረምት ወዲህ ስንወጣ ስንገባ፣ የት ዋላችሁ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀንም።»

ናስረዲን እጁን እያየ፣ «መቃብሯ ጋ የምትሄዱ መስሎኝ ነው» አለ። «ብጠይቃት ና ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ። ጋሽ በላይነህ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በመጨረሻ አባቢያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በድለሃታል፤ ካሳ አለብህ። የፊታችን ቅዳሜ ሱቅህን ዘግተህ አብረሃቸው ትውላለህ። ሰሌኑን የምትሸከመው አንተ ነህ።»

«ቅዳሜ? በገበያ ቀን?»

«በሰኞማ ምኑን ቅጣት ይሆናል።»

እሺ አለ፤ ሳሊሀ ግን አላመነችውም። ዛሬ ጠዋት ጎደሬውን የቀቀለችው ለሦስት ሰው ነበር። ልትወጣ ስትል ሰሌኑን ብታየው ከቦታው የለም፤ ናስረዲን ደጅ ላይ ተሸክሞት ቆሟል።

መንገድ ላይ ሁሉም ጠየቀው። «ናስረዲን፣ ቤት ልትቀይር ነው?»

«ጉሬዛ ልናይ ነው» እያለ አለፈ።

ሾላው ስር ሲደርሱ ጉሬዛ አልነበረም። «ዝም ካልን ይመጣሉ» አለችው ቱርከያ አባቷን፣ እንደ ቦታው ባለቤት። ዝም አሉ። የቤቱ ዓይነት ዝምታ ግን አልነበረም፤ ይሄኛው የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ቆየት ብሎ ናስረዲን ወደ ቅርንጫፎቹ እያየ፣ «አፍናን ብትኖር አንዱም ዝር አይልም ነበር» አለ። «በጩኸቷ ታባርራቸው ነበር።»

ሳሊሀ ከቀብሩ ወዲህ የልጅቷን ስም ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ጎደሬ ልጣ እጁ ላይ አኖረችለት፤ እሱም ገምሶ ግማሹን ሰጣት። ፊቱን ከእሷ አላዞረም፤ እያለቀሰም አላዞረም።

ይህን ሁሉ ሳሊሀ ራሷ አሁን በአጥር በኩል ነገረችኝ፣ ሰሌኑን እያራገፈች። ጉሬዛዎቹስ መጡ ወይ ብላት፣ «እኔ እንጃ፣ ቀና ብዬም አላየሁ» አለችኝ።

ማናልሞሽ ግን ማሻ ከተማ ሰንብታ ገና ዛሬ መግባቷ ነው። ከመኪና ወርዳ ሱቁን ተዘግቶ ካየችው ሌላ ሽማግሌ ታስነሳለች። ነጠላዬን የት ጣልኩት፤ መናኸሪያ ቀድሜያት ልድረስ።