ሁለት በር ያለው ሲሊንደር

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእንፋሎት ባቡር ቫልቭ ሲያስተካክል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሥራውን ይዞ ቤት ገባ። መሥሪያ ቤቱ መፍቻዎቹን ሲረከበው አመሉንም አብሮ ቢረከበው ምን ነበረበት?

ነገሩ ቀላል ነው ይላል። እንፋሎት በሲሊንደሩ አንድ ጫፍ ገብቶ ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ደግሞ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ፒስተኑ ዳር ሲደርስ ቫልቩ ይንሸራተትና መግቢያው መውጫ፣ መውጫው መግቢያ ይሆናል። ቫልቩን የሚያንሸራትቱት ከመንኮራኩሩ ጋር የተያያዙ ዘንጎች ናቸው። "አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ከገባ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም!"

ቤታችን የፊትና የጓሮ በር አለው። አባቴ መሀል ላይ በርጩማ አስቀምጦ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው በፊት በር ሲገባ አንዱ በጓሮ መውጣት ግድ ሆነበት። ወንድሜ ከሥራ ሲመጣ እናቴ ሽንኩርቷን ከነመክተፊያው ይዛ ትወጣለች። "ሰውዬው ለይቶለታል" ትላለች፤ ግን ትወጣለች። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ እሺ ባይነቷ ነበር።

የምወደው ልጅ ከእናት ከአባቱ ጋር ሊጠይቀኝ የሚመጣ ዕለት፣ "አባዬ፣ ዛሬን እንኳ ተወው። ሰዎቹ ከተቀየሙ ትዳሬ ቀረ" ብዬ ለመንኩት።

"እነሱን አልነካም" አለኝ።

እውነትም አልነካቸውም። የልጁ አባት ሲገባ ወንድሜን አስወጣው። እናትየው ስትገባ እናቴን። ልጁ ደፍ ላይ ቆሞ አየኝ፤ እኔ አባቴን አየሁት። በጣቱ የጓሮውን በር አሳየኝ።

ሊጠይቁኝ የመጡት ሳሎን ተቀምጠው እኛ ባለቤቶቹ ልብስ ማስጫው ሥር ቆምን። እንባዬ መጣ።

"አመል ያወጣል ከመሀል ሲባል እሰማ ነበር" አለች እናቴ። "እኛን ግን የሰው አመል አወጣን።"

በመስኮቱ የልጁን አባት አየሁት። "የመጣነው ልጅዎን..." ብሎ ጀመረና ዙሪያውን ቃኘ። "ለመሆኑ ልጅቷ የታለች?"

አባቴ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። በገዛ ቤቱ አንድም የራሱ ሰው አልነበረም። ብድግ አለና እንግዶቹን ጥሎ ወደ እኛ ወጣ።

"ስትሄጂ ቤቱ እንዲህ ነው የሚሆነው?" አለኝ።

"እንዲህ ነው፣ አባዬ።"

እናቴ "እንግዶቹ ብቻቸውን ናቸው እኮ" ብላ እጅጌውን ጎተተችው። አልሰማትም።

"አንቺ ስትመጪ ማንንም አላስወጣም" አለኝ። "ብቻ ቶሎ ቶሎ ነይ።"