ወደ እንጦጦ በየት በኩል

ወንድሜ ዞሮ የሚመጣ መንገድ ካልሆነ መንገድ አይመስለውም ነበር። እጮኛዬ ደግሞ ተራራውን ተሻግሮ ማዶ የማይወርድ ከሆነ እግሩን አያነሳም። እኔ የፈለግሁት ደርሶ መልስ ብቻ ነበር፤ አቅም እስከፈቀደ ወጥቶ፣ ሲደክም ዞር ብሎ በመጡበት መመለስ። ሐኪም ተራመጂ ያለው ደግሞ እኔን ነበር፤ እነሱን ያላቸው የለም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የባሰው ቀን አልፏል፣ ሰው ግን ገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ያን ክረምት በሳንባ ምች ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። መስከረም ጠብቶ ከአልጋ ስነሳ ሐኪሙ፣ «ዳገት ዳገቱን ቀስ እያልሽ ተራመጂ፤ ደረትሽ ንጹሕ አየር ይፈልጋል» አለኝ። ከጊዮርጊስ ጀርባ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆሜ ቀና ስል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታየኛል። እኔ ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። አንድ እሑድ ወጣ ብሎ መመለስ ምን ይከብዳል ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት። ምነው ባልነገርኩት!

ወንድሜ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ስለሆነ፣ ስታመም የምጠጣውን ሾርባ ሳይቀር የሚመርጠው እሱ ነው። እንጦጦ ስለው ዓይኑ በራ።

«መንገዱን ለእኔ ተይው» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ፒያሳ ኬክ ቤት ተቀመጥን። እጮኛዬ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከኬክ ቤቱ አጠገብ ስለሆነ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው። አሳላፊው ማኪያቶውን ሲያስቀምጥ ትንሽ ፈሰሰበት። ወንድሜ በፈሰሰው ላይ ጣቱን ነክሮ ጠረጴዛው ላይ መሣል ጀመረ።

«ይኸው ሽሮ ሜዳ። በዚህ እንወጣለን። ጫፍ ስንደርስ ወደ ግራ ታጥፈን፣ ጫካ ጫካውን ሄደን በጉለሌ በኩል እንወርዳለን። ከዚያ በአዲሱ ገበያ አድርገን ቤት። ክብ ነው። አንዱን ነገር ሁለቴ አናይም።»

«ክብ ምን ያደርግልሃል?» አለ እጮኛዬ። «ዞረህ ዞረህ እዚያው! ጫፍ ከደረስን አይቀር በጀርባው ወርደን ሱሉልታ እንግባ። ሜዳውን እንይ፣ እርጎ እንጠጣ፣ በአውቶቡስ እንመለስ።»

«አውቶቡስ ብታጣስ?»

«እግር አለኝ።»

«እሷስ?»

እሷ የተባልኩት እኔ መሃላቸው ተቀምጫለሁ።

«እኔ እኮ ከበሽታ ነው የተነሳሁት» አልኩ። «ዙሪያውን ከጀመርኩ በኋላ መሃል ላይ ቢደክመኝ ወደፊቱም ሩቅ፣ ወደኋላውም ሩቅ ነው። ማዶማ ከተሻገርኩ ጭራሽ አለቀልኝ። በሄድንበት ብንመለስ ግን የደከመኝ ቦታ ላይ መዞር እችላለሁ።»

«ደርሶ መልስማ የፖስተኛ ጉዞ ነው» አለ ወንድሜ።

«ያየሽውን መልሰሽ ለማየት ደግሞ?» አለ እጮኛዬ።

ሁለቱ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ ያኔ ግን ተስማሙብኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ እዚያ የሌለሁ ያህል ወደ ጭቅጭቃቸው ተመለሱ። ኬኬን በልቼ ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ እንጦጦም፣ ሱሉልታም፣ ጉለሌም አንድ ላይ ተጨመላልቀው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላም። መስከረም አለቀ፤ ጥቅምት ገባ፤ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ተራራው ና ና እያለ ይጣራል፤ እኛ ግን ኬክ ቤት ነን። ለብቻዬ እንዳልሄድ ሴት ልጅ ለብቻዋ ጫካ ትገባለች ተብሎ ቤታችን ይታመሳል። በመጨረሻው ቅዳሜ እጮኛዬ ብስጭት ብሎ ጠረጴዛውን መታና ጮክ ብሎ፣ «አንዴ ማዶ ካለፍን በኋላ ማን ያገኘናል?» አለ። ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣ አንድ ሰው አንገቱን ዞር አድርጎ አየን። ከዚያ የኛን ጠረጴዛ አየ። ወንድሜ በማኪያቶ የሣለው ቀስት ገና አልደረቀም ነበር።

በሳምንቱ አጋማሽ ቀበሌ ተጠራን።

ሊቀመንበሩ ገና ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። ፊት ለፊቱ አቆመንና፣ «በየት ገብታችሁ በየት ልትወጡ ነበር?» አለ።

ወንድሜ፣ ምን ይደረግ፣ መምህር ነው፤ ማስረዳት ያዘ። ዙሪያ መንገድ ከደርሶ መልስ በምን እንደሚሻል፣ የተራራውን ጀርባና ፊት ማየት ምን ጥቅም እንዳለው ለሊቀመንበሩ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ያብራራለት ጀመር።

«ጫካው ውስጥ ምን አለ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ባሕር ዛፍ።»

«ሌላስ?»

«ሌላም ባሕር ዛፍ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሊቀመንበሩ ወደ እጮኛዬ ዞረ። «አንተስ? ሱሉልታ ማን ይጠብቅሃል?»

«ማንም። እርጎ ልጠጣ ብዬ ነው።»

«ፒያሳ እርጎ ጠፋ?»

ተራው የእኔ ሆነ። ስለ በሽታዬ ነገርኩት፤ ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት፤ በአስፋልቱ ወጥቼ በአስፋልቱ መመለስ ብቻ እንደምፈልግ ነገርኩት። ሊቀመንበሩ እስክጨርስ ሰማኝ። ከወር በላይ ያንን ነገር ስናገር እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው፤ ይህ ራሱ አበሸቀኝ።

«ሰው የሚገባው ነገር የተናገረችው ይህቺ ልጅ ብቻ ናት» አለ። «እሑድ በአስፋልቱ ትሄዳላችሁ፣ በአስፋልቱ ትመለሳላችሁ። ጫካ አይገባም፣ ማዶ አይወረድም። አንድ ጓድ አብሯችሁ ይሄዳል።»

እንግዲህ የመረጥኩት መንገድ ተመረጠልኝ። ግን በጠመንጃ ታጅቤ የምወጣው ዳገት ምን ደስ ይላል? ይባስ ብሎ ወንድሜ ቤታችን ደጃፍ ላይ ስንደርስ፣ «አሁን ደስ አለሽ?» አለኝ። ቀበሌውን እኔ የጠራሁት ይመስል።

እሑድ ጠዋት አጃቢያችን መጣ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ዶሮ ማነቂያ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጫማ ሲጠግን አየው ነበር። ተረኛ ሲሆን ደግሞ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይይዛል። በር ላይ ቆሞ ሦስታችንን ተራ በተራ አየንና፣ «ልጆቼ፣ ሦስት ሰው ተረክቤያለሁ፤ ሦስት ሰው አስረክባለሁ። ሌላ የምጠይቃችሁ የለም» አለን። በኋላ በመንገድ ላይ እንደነገረኝ ያን ቀን የእህቱ ልጅ ክርስትና ይነሳ ነበር። እሱም እሑዱን ተቀምቶ ነው የመጣው።

በአፍንጮ በር አድርገን፣ ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ደረስን። ዳገቱን ስንጀምር እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙን ነበር፤ ወገባቸው ታጥፎ መሬት መሬት እያዩ በአጠገባችን ያልፋሉ። መጀመሪያ ትንፋሽ አጠረኝ። ቆም እያልኩ፣ እንደገና እየጀመርኩ ወጣሁ። አጃቢያችንም ከእኔ ብዙ አይሻልም፤ ስቆም ይቆማል፣ ላቡን በባርኔጣው ይጠርጋል፣ «በርቺ» ይለኛል። ከዚያ በድንገት ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተ። የባሕር ዛፉ ሽታ እስከ ሆዴ ድረስ ሲገባ ተሰማኝ። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ተንፍሼ አላውቅም።

ወንድሜ ግን ሲነጫነጭ ነበር። «አስፋልት! ይኼ ጉዞ ነው? ፒያሳም እኮ አስፋልት አለ።» እጮኛዬ ዝም በል ሲለው ይብስበታል።

ከጫፍ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን ከመንገዱ በስተግራ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ ወደ ጫካው ትገባለች። ወንድሜ እዚያ ቆመ።

«ሽንቴን ልሽና» አለ።

«ፈጠን በል» አለው አጃቢያችን፤ እሱም ለማረፍ ምክንያት ፈልጎ ነበርና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ አጃቢያችን ተጣራ። መልስ የለም። እጮኛዬ ገባ ብሎ አይቶ ተመለሰ፤ ሰው የለም። እኔ ወዲያው ገባኝ። ያ ሰው ክቡን እየዞረ ነው!

አጃቢያችን ፊቱ አመድ መሰለ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ ያዘው፤ መልሶ አንጠለጠለው። «ምን ላድርግ? ልተኩስ? በማን ላይ?» አለ። እጮኛዬ ሮጦ ላምጣው ሲል እጁን ያዘው። «አንተም ከሄድክ እኔ አለቀልኝ። ከዚህ አንነቃነቅም፤ ይመለሳል።»

«ጋሼ፣ አይመለስም» አልኩት። «ዙሪያውን ነው የሄደው። በጉለሌ ይወርዳል።»

«ሰው በሄደበት አይመለስም እንዴ?»

ወንድሜ ስለ ክብ መንገድ ያን ሁሉ ሲሰብክ ይህን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

ተቀመጥን። ጫፉ እዚያው ነበር፤ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከዛፎቹ በላይ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ጥቂት ብንራመድ እንደርስ ነበር። «እባክዎ ጫፉን ብቻ አይተን እንመለስ» ብዬ ለመንኩት። «ሲመጣ ቢያጣንስ?» አለኝ። ልከራከረው ብዬ ፊቱን ሳይ ተውኩት፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ በዚያ ፀሐይ ዓይኑን ከእግር መንገዷ ላይ አይነቅልም። እጮኛዬ ድንጋይ እያነሳ ይወረውር ጀመር። ከሰዓቱ በሙሉ እንዲሁ አለፈ። በሽተኛዋ ልትራመድ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዋለች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አጃቢያችን ተነሳ። ቁልቁል መራን። ስድስት ኪሎ ስንደርስ፣ «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» አለ፤ ለእኛ አልነበረም የተናገረው።

ቤት ስንገባ ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ ነክሮ፣ እናታችን ያቀረበችለትን እራት ይበላል።

«የት ጠፋችሁ?» አለን። «ሰጋሁ እኮ!»

ምን ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ጎረቤት ግን በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። እናቴ አፌን በእጇ ልትከድን ትታገለኝ ጀመር። አጃቢያችን አልጮኸም። ወንድሜን በዓይኑ ካየ በኋላ ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና፣ «ተመስገን» አለ። ጥቂት አረፈና ተነስቶ፣ «ጫማህን አድርግ፤ እንሂድ» አለው።

«ምን አጠፋሁ? ይኸው ተመልሻለሁ አይደል?»

«ተነስ፣ ልጄ።»

ወንድሜን ለጥቂት ቀናት አሰሩት። ከዚያም በእሑድ ስብሰባ ላይ ሕዝብ ፊት አቁመው ራሱን እንዲወቅስ አደረጉትና ለቀቁት። ክፉ ነገር ሳይደርስበት መውጣቱን ሁላችንም እንደ ተአምር ነው የቆጠርነው። አጃቢያችን ግን ተረክቦ አላስረከበም ተብሎ ከእሱ በላይ ታስሮ ቆየ። እናቴ ለሁለቱም ምግብ ትልክ ነበር፤ ወንድሜ ከተፈታም በኋላ ለሰውዬው መላኳን ቀጠለች። ሚስቱ ሳህኑን ስትመልስልኝ አንዴ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሰውዬው ሲፈታ ጠመንጃው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ወደ ጫማ ጥገናው ተመለሰ። ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን» አልኩት። «አንቺ ምን አደረግሽ?» አለኝ ጫማውን እየቀጠቀጠ። «እሱ ራሱ ይምጣ እንጂ።»

ለወንድሜ ነገርኩት። «ነገ እሄዳለሁ» አለ። ነገ ሲል፣ ለሳምንት ሲል ወራት አለፉ። በዚህ መሃል ያን ጉዞውን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራ ነበር፤ ከጫፍ ላይ ከተማው እንዴት እንደሚታይ፣ በጉለሌ በኩል ምን ዓይነት ምንጭ እንዳለ። እጮኛዬም፣ በኋላ ባሌ የሆነው፣ ያን ዕለት ድንጋይ ሲወረውር እንዳልዋለ ሁሉ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ «ሱሉልታስ ከዚያ ላይ ትታያለች?» ይለዋል። እኔ ሳህን አንስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

በኋላ ወንድሜ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ልሸኘው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄድኩ። ሻንጣውን ካስጫነ በኋላ፣ «ጫማ ሠሪውን ሳታየው ልትሄድ?» አልኩት።

«ለእረፍት ስመጣ» አለኝ፤ አውቶቡሱ ላይ ወጣ፤ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ።

ለእረፍት ሲመጣ ሰውዬው ቦታውን ለቅቆ ሄዷል። ወዴት እንደሄደ ዶሮ ማነቂያ ዞሬ ጠየቅሁ፤ አንዱ ወደ አገሩ ገባ አለኝ፣ ሌላው መርካቶ ነው አለኝ። ለወንድሜ ስነግረው፣ «አይ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለና ስለ ክፍለ ሀገሩ ተራሮች ያወራኝ ጀመር። ተነስቼ ወጣሁ። ዛሬም ድረስ ያ ነገር ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል።