ዕጣ የወጣለት ጉድጓድ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ መርካቶ ውስጥ ሸራና ገመድ የምሸጥ፣ ፊደል የቆጠርኩት በመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ፣ ሌላውንም ሁሉ ራሴን ያስተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ የተማረች፣ ሕንፃ የሚቆምበትን መሬት የምትመረምር። ሦስተኛው የአክሲዮን ማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ በዕድሜም በሀብትም የሚበልጡን የጣቃ ጨርቅ አከፋፋይ። አራተኛዋ ከጎኔ ያለችው የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ናት። አምስተኛው ልጄ የተቀጠረችበት የአፈር ምርመራ ድርጅት ባለቤት ነው። የቀሩት በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን አብረውን የኖሩ ባለሱቆች ናቸው። ስም አልጠራም። ስም ብጠራ የሚመለስ ነገር የለም።

የሱቆቻችን ረድፍ ከእህል በረንዳ ብዙም አይርቅም። ፈርሶ ፎቅ እንድንሠራበት፣ ካልሠራን ቦታውን እንደምንለቅ ተነገረን። ከዚያች ቦታ ሌላ የለንም። ገንዘብ አዋጣን፣ አክሲዮን ማኅበር መሠረትን። ዲዛይኑ ከመውጣቱ በፊት መሬቱ መመርመር ስለነበረበት ጨረታ ወጣ፤ ያሸነፈው ልጄ የምትሠራበት ድርጅት ሆነ። እኔ ማንንም አልለመንኩም፤ እሷም ነገሩን የሰማችው ካለቀ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለች ክረምት ክረምት ሱቅ ውስጥ የሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ታጠና ነበር። መጽሐፏን ስታስቀምጥ እያነሳሁ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ እሷን ተከትዬ አነበብኩ። ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ግን አልረሳሁትም፦ ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያረፈውን ቤት ይዞት ይወጣል ይወርዳል። ከላይ ጠንካራ የሚመስል ድንጋይ ከሥሩ በስብሶ በጣት ሊፈረፈር ይችላል።

አንድ ቀን "ይህን ሁሉ አውቃችሁ ታዲያ ሕንፃ ለምን ይሰነጠቃል?" አልኳት።

"አባዬ፣ የሚያጠናው ሌላ ነው፣ የሚወስነው ሌላ።"

ተቆጣኋት። ሰነፍ ሰው ሰበብ አያጣም ብዬ አሳፈርኳት።

ለሥራው ስትመጣ ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ሄደችበት። ወለሉን በመዶሻ መታ መታ እያደረገች ትሰማዋለች። የመሀሎቹ ሱቆች በር በየክረምቱ አልዘጋ ይላል፤ እኛ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ነው እያልን አናጢ ጠርተን ጠርዙን እናስፍቃለን። እሷ ግን እንጨቱን ትታ የወለሉን ስንጥቅ ተከተለች። ሊቀመንበሩን ድሮ እዚህ ምን እንደነበር ስትጠይቃቸው "የድንጋይ ካባ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ድንጋዩ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ሰፈሩ ቆሻሻ እየደፋ ሞላው ይላሉ" አሏት እየሳቁ። በማግሥቱ የመሀል ሱቆች ወለል ላይ የምርመራ ጉድጓድ የሚቆፈርባቸውን ሦስት ቦታዎች በነጭ ቀለም ምልክት አደረገችባቸው። አንዱ የእኔ ሱቅ ውስጥ፣ አንዱ የጎረቤቴ፣ ሦስተኛው ከሁለታችን አለፍ ብሎ።

ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የሱቁ ዕቃ መውጣት፣ ጣሪያው መነሳት፣ ሱቁም ሳምንት ያህል መዘጋት ነበረበት። ጊዜው የፋሲካ ገበያ ነው። ስብሰባ ተጠራ።

ጎረቤቴ ቀድማ ተነሳች። "ስሚኝ የኔ ቆንጆ፣ ሱቄን በስተሽ ደንበኞቼን በጭቃ ልታሯሩጪልኝ ነው?"

"እትዬ፣ አንድ ሳምንት እኮ ነው" አለች ልጄ።

"አንድ ሳምንት! የመርካቶን ደንበኛ አታውቂውም ማለት ነው። ገና ቁልፍ ስታዞሪ ማዶ ተሻግሮ የሌላ ሰው ባልዲ እያነሳ ዋጋ ይጠይቃል።"

ሰው ሳቀ። እኔ ተነስቼ "እንግዲያው ከእኔ ሱቅ ይጀመር" አልኩ።

"ነቃንብዎ ጋሼ!" አለ አንዱ ከኋላ። "አባት ሱቅ ያቀርባል፣ ልጅ ትቆፍራለች፣ ከዚያ ፎቁ ሲያልቅ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ለእናንተ! ቀድሞ የተቆፈረ ቀድሞ ይመዘገባል አይደል?"

እኛ ዘንድ አዲስ ሕንፃ ሲነሳ የሰው ሐሳብ አንድ ነው፤ ማን ምድር ላይ ይቀራል፣ ማን ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ከዚህ ወዲያ የሚታሰብ የለም። በገመድ ሜትር አጉድዬ አላውቅም፤ በስተርጅና ሌባ መባሉን አልቻልኩም። ተቀመጥኩ።

ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሱ። "ይኼ የሚያጣላ ነገር አይደለም። እቁባችንን በዕጣ እናወጣለን፣ ተራችንን በዕጣ እንይዛለን። ይኼም በዕጣ ይሁን። የወጣለት ሳምንት ይዘጋል፣ ማኅበሩ ይክሰዋል። ማንም ማንንም አይጠራጠርም።"

ተጨበጨበ። ልጄ ሰው ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕጣ እናንተን ያስማማል፤ መሬቱ ግን የእቁብ አባል አይደለም። መቆፈር ያለበት የሚያጠራጥረው ቦታ ነው። ሌላ ቦታ ከምንቆፍር ጭራሽ ባንቆፍር ይሻላል፤ ቢያንስ አላወቅንም እንላለን።"

"ልጄ፣ መሬቱ አንድ መሬት ነው" አሉ ሊቀመንበሩ በትሕትና። በትሕትና መሆኑን እመሰክራለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም።

ወረቀቱ ተጣጥፎ ባርኔጣቸው ውስጥ ገባ። ዕጣው ለሦስት ሱቆች ወጣ፤ ሁለቱ አስፋልቱ ዳር፣ አንዱ በሌላኛው ጫፍ። ማሽኑ በሦስቱም ብዙ ሳይወርድ ጥቁር ዓለት ነካ። የወጣው ናሙና እንደ ዱላ ድቡልቡል ሆኖ በእንጨት ሳጥን ሲደረደር ባለሱቁ ሁሉ እየመጣ አብሮት ፎቶ ተነሳ። ጎረቤቴ በመዳፏ እየመታችው "ይኼማ እንኳን ፎቅ ተራራ ይሸከማል!" አለች። ዳቦ ተቆረሰ።

ልጄ አለቃዋን አንድ ጉድጓድ ብቻ መሀል ላይ እንዲጨምር ለመነችው። "ማኅበሩ ያልፈለገውን ጉድጓድ በምን ሒሳብ ልቆፍር? ጨርሺና ፈርሚ" አላት። ማታ እራት ላይ "አባዬ፣ ልፈርም?" አለችኝ።

"ያየሽውን ጻፊ። ያላየሽውን አላየሁም ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ፈርሚ" አልኳት።

እንዳልኳት አደረገች። መሀሉ እንዳልተመረመረ ጻፈች፣ በጠቅላላ ጉባኤም ቆማ ተናገረች። ከተናገረች በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ የሱቆቹ ስፋት ስንት ካሬ ነው የሚል ነበር። ምክሬ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ሌላ ምክር አላውቅም። ማንንም ግን አላዳነም።

ረድፉ ፈረሰ። ኤክስካቫተሩ ከሁለቱ ጫፎች ዓለት ላይ ሲያርፍ ደስ አለን። መሀል ሲደርስ ግን ያወጣው አመድ፣ የከብት ቀንድ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የበሰበሰ ጨርቅና የሚሸት ጥቁር ጭቃ ነበር። ጠለቅ ሲል ያው፣ ይበልጥ ሲጠልቅም ያው። ከታች ውኃ መጣ። ዲዛይኑ ለዓለት የተሠራ ነውና ሥራ ቆመ። አዲስ ጥናት ይደረግ፣ አይደረግ፣ ማን ይክፈል እየተባለ ክረምት ገባ። አንድ እሑድ የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ፤ ከኋላችን ያለውን የበርበሬ መጋዘን ግማሹን ይዞ ወረደ። ሰው አልነበረበትም። ያገኘነው ምሕረት ይህ ብቻ ነው።

አሁን ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ውስጡ አረንጓዴ ውኃ ነው። ጎረቤቴ ሳፋና ባልዲዋን እግረኛ መንገድ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሰብስባ ትሮጣለች። ያቺ ሴት ሱቅ የነበራት ሴት ናት። ልጄን መንገድ ላይ አግኝታ "ዓለት ነው ብለሽ ፈርመሽ በላሽን!" ብላ ጮኸችባት። ስለ ዕጣው አሁን የሚያነሳ የለም። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ያስታውሳል ብዬ የማስበው ባርኔጣውን ሳይሆን ፊርማዋን ነው።

አለቃዋ ጥፋቱን እሷ ላይ አድርጎ አሰናበታት። በሌላ ድርጅት ሁለት ጊዜ ተፈትና አለፈች፤ የትኛውን ሥራ እንደሠራች ሲሰሙ መልሰው አልደወሉላትም። አሁን ባንክ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ የሰው ብር ትቆጥራለች። መጻሕፍቷን ልትሸጥ ስትል ከለከልኳት። ቆይታ፣ እኔ በሌለሁበት ሸጠቻቸው። ሳያት አሁንም መሬት መሬት እያየች ነው የምትሄደው፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

ዕድሜ ልኬን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ተማር እያልኩ የገሠጽኩ ሰው ነኝ። እውቀት ቤት ያቆማል ብዬ አምን ነበር። እውቀቷ በቦታው ነበር፤ በሰዓቱም ተናግራለች። እኛ ሰው በሰው እንዳይቀና ተጨንቀን ከእግራችን ሥር ያለውን ረሳን። አንዳችን አንዳችንን አልበደልንም፤ እኩል ጠፋን። ለዚህ የሚሆን ተግሣጽ ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ሰሞን አዳራሽ ተከራይተን ተሰበሰብን፤ ሊቀመንበሩ ማኅበሩ የሚፈለግበትን ወጪ ቁጭ ብለው አነበቡልን፤ መቆም አቅቷቸዋል። ውኃውን ማስወጫ፣ የመጋዘኑ ካሳ፣ ሙሌቱን ማንሻ፣ መሀሉን እንደገና መቆፈሪያ፣ ለአዲሱ መሠረት እስከ ዓለቱ የሚወርድ የኮንክሪት ምሰሶ፣ የባንክ ወለድ፣ የፈረሱት ሱቆች ያጡት ገቢ። ድምሩ ሰባ ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር ነው።