ስምንት ጊዜ «ደህና ናት»

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ሶዶ መነኸሪያ

ዳዊቴን ደግሜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። የዳሞት ተራራ ገና ከጉሙ አልወጣም። መነኸሪያው ግን ነቅቷል። ረዳቱ «ጉኑኖ የሞላ! የሞላ!» ይላል፤ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን።

ሥራዬ ማረጋገጥ ነው። ከከተማ ወደ ቤተሰብ የተመለሱ ልጆች በባለሙያ ይጎበኛሉ፣ ቅጽ ይሞላላቸዋል፤ ቅጹ ሐዋሳ እኛ ዘንድ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ይበራል። እኔ አረንጓዴው እውነት መሆኑን አያለሁ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ደቡብ ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ብዙ አረንጓዴ አይቻለሁ።

ዛሬ በቦርሳዬ የአንዲት ልጅ ፋይል አለ። አስቴር ልበላት፤ እውነተኛ ስሟንም የመንደሯንም ስም አልጽፍም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሰው ቤት ስትሠራ ተገኝታ ወደ አክስቷ ተመልሳለች። ስምንት ጊዜ ቤቷ ተጎብኝታለች፤ ስምንቱም ላይ አንድ ቃል ነው፦ «ደህና ናት»። ቀኖቹን ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያዬ ጋር አስተያየኋቸው። ሁሉም ቅዳሜ ናቸው።

«በዚያ በኩል ቅዳሜ ምን አለ?» አልኩት ሾፌሩን።

«ገበያ ነዋ፣ ማዘር! ቅዳሜ ዶሮም ሳትቀር ትሳፈራለች።»

ረቡዕ፣ ረፋድ 4 ሰዓት፤ ከጉኑኖ ወዲያ

ቅጾቹን የሞላው ባለሙያ ማቴዎስ ይባላል። ሳልነግረው መጥቼ ከቢሮው በር ላይ ደወልኩለት። ብቅ ሲል ጫማው ያብለጨልጫል። ይሄ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶም አያውቅ፣ አልኩ በልቤ።

«ዛሬ? እህቴ፣ ዛሬ እኮ ገበያ አይደለም። ቅዳሜ ቢመጡ ሁሉንም እዚሁ ያገኟቸዋል።»

«የምፈልገው ቤቱን ነው።»

«ሞተሩ ነዳጅ የለውም።»

«እግር አለን።»

አንድ ሰዓት ያህል በቀይ ጭቃ፣ በእንሰትና በባሕር ዛፍ መካከል ሄድን። ልጆች «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ሰላም ይሉናል። ሦስተኛው መገንጠያ ላይ ማቴዎስ ቆመና አንድ ገበሬ መንገድ ጠየቀ። ስምንት ጊዜ ሄድኩበት ያለውን መንገድ።

ሳልጠይቀው ራሱ ጀመረ።

«አልዋሸሁም፣ እህቴ። ቅዳሜ አክስቷን ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ‹ልጅቷ ደህና ናት?› እላታለሁ። ‹ደህና ናት› ትለኛለች። እጽፋለሁ።»

«ሰላምታ እኮ ነው! ሰው ለሰላምታ ምን ብሎ ይመልሳል?»

ቀድሞኝ መንገዱን ቀጠለ።

ረቡዕ፣ እኩለ ቀን፤ አክስቷ ቤት

አክስቲቱ ደንግጣ ብትቀበለንም እንግዳ እንግዳ ነውና ጎደሬ በዳጣ አቀረበች። ቅቤም ጨመረች፤ የጾም ቀን ነውና እሱን ወደ ማቴዎስ ገፋሁት። አማርኛ አትችልም፤ ማቴዎስ ያስተረጉማል።

አስቴር ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ መጣች። ቀጭን ናት። ማቴዎስ በወላይትኛ ጠየቃት፤ በአንድ ቃል መለሰች።

«ደህና ነኝ ነው የምትለው» አለኝ።

ልጅቷ ጀሪካኑን አወረደች። ሳቅ ብላ፣ እጄን እየሳመች፣ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ፦ «ሲስተር፣ ፈገግ ይበሉ፤ አክስቴ አማርኛ አትሰማም። የዛሬ ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሰውዬው ይመጣል። ያኔ የወሰደኝ ደላላ። ‹አስተምራታለሁ› ብሎ አሳምኗታል። በገበያው ግርግር ያሳፍረኛል።»

ፈገግ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ የከበደኝ ፈገግታ የለም። የማቴዎስ ጉርሻ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

አክስቲቱ «ምን አለች?» ያለች ይመስለኛል። እሱ ረጅም ነገር ተናገረ።

ስንወጣ፣ «ምን አልካት?» አልኩት።

«ደህና ነኝ አለች፣ አልኳት።»

ያ ሁሉ ቃል? ወላይትኛ አለመማሬ የዚያን ቀን ቆጨኝ። ለፖሊስም ለቀበሌም አብረን ተናገርን። «እስከ ቅዳሜ አደራ» አልኩት። አደራ ያልኩት ግን ላመነው ያልቻልኩትን ሰው ነው።

ዓርብ፣ ሶዶ

ለደብረ ታቦር ትኬት ቆርጬ ነበር፤ የእናቴ ሙት ዓመት ነው። ለወንድሜ ደውዬ «ያለ እኔ አውጡት» አልኩት። ማኅሌት ሰምቼ ሻማ አበራሁላት። ማቴዎስ ስልክ አያነሣም። ደላላው ጎረቤቱ ቢሆንስ? ዘመዱ ቢሆንስ?

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ያው ሾፌር፣ ያው ሚኒባስ፤ በእርግጥም እግሬ ሥር ሁለት ዶሮዎች አሉ። ገበያው በቅቤ፣ በዝንጅብልና በሰው ተጨናንቋል። ማቴዎስ የለም። ቢሮው ተቆልፏል። ስልኩ ዝግ ነው። ሸጦናል፣ አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወደ እነ አስቴር ቤት ወጣሁ። መንገዱን የጠየቅሁት ሰው አልነበረም።

ግቢው ስገባ ማቴዎስ ከአንዲት ፖሊስ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጫማው እስከ ማሰሪያው ጭቃ ነው። አስቴር አጠገቡ በቆሎ ትፈለፍላለች። አክስቲቱ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍናለች።

«ሌሊት ነው የወጣሁት» አለኝ። «ስልኬ ባትሪ ዘጋብኝ። ሰውዬው እስከ አጥሩ መጥቶ ፖሊሷን ሲያይ ሮጠ።»

«አልያዛችሁትም?»

«አመለጠን።»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ዘጠነኛው ጉብኝት። ለልጅቷ አነበበላት፦ «ቤቷ አገኘኋት። ፈርታለች።»

አስቴር አሰበችና፣ «‹ፈርታ ነበር› በለው፣ ጋሼ» አለችው።

«ነበር» የምትለዋን ጨመረ። ፈረምኩ። ሐዋሳ ስደርስ አረንጓዴውን ቀይ አደርገዋለሁ፤ ሰውየው እስኪያዝ ቀይ ይሁን።

ስመለስ ሚኒባሱ ከገበያ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወደ ኋላ ዞሬ የልጃገረዶቹን ፊት፣ ከጎናቸውም የተቀመጠውን ሰው፣ አንድ በአንድ አየሁ።

«ማዘር፣ የጠፋብዎት ሰው አለ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ገና እያየሁ ነው» አልኩት።